ካርቶኖቹን ሳልነግረው ሰጠኋቸው

የተከበሩ አማካሪያችን፣ ጤና ይስጥልኝ።

ዓምድዎን ለዓመታት ሳነብ አንድ ቀን እኔም እጽፍልዎታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 14 ዓመት ሆኖናል፤ የ10 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ባለቤቴ ከሥራ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከቤቱ ውጪ የትም የማይታይ ሰው ነው። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ቁማር አያውቅም። አንድ አመል ብቻ አለው፤ ለሰው ስናገረው እንኳ ያሳፍረኛል። ስለ ቤዝቦል ተጫዋቾች ለሕፃናት የተጻፉ አሮጌ መጻሕፍት ይሰበስባል።

አመሉ የጀመረው ከመተዋወቃችን በፊት ነው። በ1998 አሜሪካ እንደ ገባ ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ ተቀጠረ። አንድ ደንበኛ ቤት ሲለቅ ልጆቹ አንብበው የተዉአቸውን መጻሕፍት በካርቶን አድርጎ ሰጠው። ከውስጡ መጀመሪያ ያነሣት ስለ ጃኪ ሮቢንሰን የተጻፈች ስስ መጽሐፍ ነበረች። ያልገባውን ቃል በእርሳስ እየከበበ፣ ከዳር በአማርኛ እየተረጎመ፣ በዚያች የመስታወት ክፍል ውስጥ ሌሊት ሌሊት አነበባት። እንግሊዝኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት ይላል። ከዚያ ወዲህ በየቤተ መጻሕፍቱ ሽያጭ፣ በየበጎ አድራጎት መደብሩ፣ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ በየግቢያቸው ከሚያወጡት ያገለገለ ዕቃ መካከል እየፈለገ ይኸው 400 ገደማ ደርሰዋል። አብዛኞቹን የገዛው በአንድና በሁለት ዶላር ነው። ልጃችን የተወለደች ቀን እንኳ እኔ ምጥ ላይ ሆኜ እሱ «ይህ ሆስፒታል የተሠራው በጥንቱ የቤዝቦል ሜዳ ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ?» ብሎኛል።

በሚቀጥለው ወር እናቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። 74 ዓመቷ ነው፤ ደረቷንም ያማታል። የቀረን ክፍል ምድር ቤት ያለችው፣ የእሱ ካርቶኖች የሞሉባት ክፍል ብቻ ናት። ከፋሲካ ጀምሮ «አስለቅቅልኝ» ስለው «እሺ፣ በዚህ ሳምንት» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ልብስ ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ደረሰኝ አገኘሁ። ለአንድ መጽሐፍ 85 ዶላር! ረቡዕ ዕለት እሱ ሥራ ላይ እያለ ለበሩ የቀረቡትን ሁለት ካርቶኖች መኪና ላይ ጭኜ ለአንድ የበጎ አድራጎት መደብር ሰጠኋቸው። መርጬ አይደለም፤ የቀረበኝን ነው ያነሣሁት። ልጄ አብራኝ ነበረች። ስንመለስ «ለአባዬ እንነግረዋለን?» አለችኝ። «እኔ እነግረዋለሁ፤ አንቺ ዝም በይ» አልኳት።

ቅዳሜ ማታ ባለቤቴ ምድር ቤት ወርዶ ብዙ ቆየ። ወጥቶም «የመጀመሪያዋን መጽሐፌን አይተሻታል?» አለኝ። «አላየሁም» አልኩት። ልጄ ሳህኗን እያየች ዝም አለች። ይህን ስጽፍልዎት ካርቶኖቹን ከሰጠሁ 9 ቀን ሆነ። በየማታው እየወረደ ካርቶን ሲገለብጥ እሰማዋለሁ። ያቺን መጽሐፍ ኢንተርኔት ላይ አግኝቻታለሁ፤ 6 ዶላር ናት። ገዝቼ ከቀሩት ካርቶኖች መካከል ብከትታትስ? እውነቱን ብነግረው ይቅር ይለኛል? ደግሞስ ጥፋተኛዋ እኔ ብቻ ነኝ?

ስሜ ይቆይ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

*

እኅቴ፣

በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርምና አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር አይበልሽ። ደብዳቤሽ እንደ ደረሰኝ በአድራሻሽ ሁለት መስመር ልኬልሻለሁ፤ ይህ ዓምድ እስኪታተም መደብሩ አይጠብቅሽምና። የቀረውን እዚህ እንነጋገር።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሣ። ጥፋተኛዋ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ከፋሲካ ጀምሮ «በዚህ ሳምንት» እያለ ያቆየሽ ሰው የራሱ ድርሻ አለው። የታመመች እናትሽን ከውቅያኖስ ማዶ ልትቀበዪ ቀን እየቆጠርሽ፣ የምትተኛበት ቦታ ሳይኖር በየማታው ስትተኚ ሆድሽ ምን ያህል እንደሚጨነቅ ይገባኛል። ነገር ግን ሁለት ጉዳዮች ተጠላልፈውብሻል። አንዱ የክፍሉ ጉዳይ ነው፤ በእሱ እውነቱ ከአንቺ ጋር ነው። ሌላው የመጽሐፏ ጉዳይ ነው፤ በእሱ ደግሞ ባለ ዕዳዋ አንቺ ነሽ። ዕዳውን ሳትከፍዪ እውነትሽን ብትጠይቂ የሚሰማሽ አይመስለኝም። ስለዚህ ከመጽሐፏ እንጀምር።

6 ዶላሯን ቅጂ አትግዢ። ቢያንስ ተደብቀሽ አትግዢ። ባለቤትሽ ገና የመጀመሪያውን ገጽ ሲገልጥ ያውቀዋል፤ የእሱ እርሳስ የለበትማ። ያኔ የምትናዘዢው አንድ ነገር ሳይሆን ሁለት ይሆናል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። መጽሐፍ መስጠት በቁጣ የተደረገ ነው ይባላል። አስመሳይ ቅጂ መክተት ግን ታስቦበት የሚደረግ ነው።

እስቲ ያቺን መጽሐፍ ለአንድ ደቂቃ አስቢያት። ከአገሩ የመጣ በወራት፣ እንግሊዝኛው ገና የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሆነ ወጣት በመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የቤዝቦል ታሪክ ያነባል። ተጫዋቹ «ማረፊያ ሲሰርቅ»፣ ማለትም ሳይጠበቅ ሮጦ ሜዳው ላይ ወዳለው ወደሚቀጥለው ማረፊያ ሲደርስ፣ ጨዋታውን ያሳምራል እንጂ ማንም አይከስሰውም። አንዱ ሆነ ብሎ ራሱን ከጨዋታ አስወጥቶ ጓደኛው ወደፊት እንዲሄድ ሲያደርግ በመዝገቡ ላይ «መሥዋዕት» ተብሎ ይጻፍለታል። ነጥብ የሚቆጠረውም ሜዳውን ዞሮ ከተነሣበት ቦታ ለተመለሰ ነው፤ ያንን ቦታ ደግሞ «ቤት» ይሉታል። ቤቱ አዲስ አበባ ለሆነ ሰው ከገጹ ዳር ምን ብሎ እንደ ጻፈበት እኔ አላየሁም። አንቺስ አይተሽው ታውቂያለሽ? ካላየሽ አሁን መጠየቅ አይዘገይም።

ስለ እነዚህ መጻሕፍት ጥቂት አውቃለሁ፤ አንቺም ብታውቂ ይጠቅምሻል ብዬ ነው የምነግርሽ። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉ ልጆች የተጻፉ ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ፊደሉ ጎላ ያለ ነው፣ በየምዕራፉ ሥዕል አለ። ለአዲስ ስደተኛ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አይገኝም። ባለቤትሽ የገባበት 1998 ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም አገሩ በሙሉ ስለ ማርክ መግዋየርና ስለ ሳሚ ሶሳ የሚያወራበት ዓመት ነበር። አንዱ 70፣ ሌላው 66 ሆም ራን (ኳሷን ከሜዳው ውጪ የሚያደርስ ምት) መትተው የ37 ዓመት ክብረ ወሰን የተሰበረበት ዓመት ነው። (መግዋየር ጉልበት የሚጨምር መድኃኒት ይወስድ እንደ ነበር ያመነው ቆይቶ፣ በ2010 ነው።) ማታ ማታ መኪናውን ሊወስድ የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ይህን ሲያወራ፣ ከመስታወቱ ማዶ ያለው ሰው ቢያንስ በአንድ ነገር ከእነሱ ጋር መነጋገር መፈለጉ ይደንቃል?

ጃኪ ሮቢንሰንን እንውሰድ። ሚያዝያ 15 ቀን 1947 ብሩክሊን ዶጀርስን ለብሶ ሜዳ ሲገባ፣ በዘመኑ በትልቁ ሊግ የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ያስፈረመው የቡድኑ ኃላፊ ብራንች ሪኪ ስድብን በስድብ፣ ዱላን በዱላ እንዳይመልስ ቃል አስገብቶታል። ሌሊት መኪና ማቆሚያ የሠሩ ወንድሞቻችን የሰከረ ደንበኛ ምን እንደሚናገር ያውቃሉ። ሥራውን ላለማጣት ዝም ያለ ሰው፣ ዝም ብሎ ያሸነፈ ሰው ታሪክ ሲያነብ ምን እንደሚሰማው እኔ ልንገርሽ አልችልም፤ እሱ ሊነግርሽ ይችላል።

ከ400ው መካከል ስለ ሮቤርቶ ክሌመንቴ የተጻፈ መኖሩንም አልጠራጠርም። ክሌመንቴ ከፖርቶ ሪኮ የመጣ ሰው ነበር። ጋዜጠኞች እንግሊዝኛውን እየቀለዱበት አነጋገሩን ከነስብራቱ ይጽፉት ነበር፤ የተጫዋቾችን ሥዕል በካርድ የሚያትሙትም ስሙን አሳጥረው «ቦብ» አደረጉት። በታኅሣሥ መጨረሻ 1972 የኒካራጓ ዋና ከተማ ማናጓ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ፣ እርዳታ ጭኖ ሲሄድ አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ወድቆ ሞተ። 3000ኛውን ምት የመታው በዚያው ዓመት ነበር፤ ከዚያ በላይ አልጨመረም። ስሙን በትክክል ሳይጠሩለት የኖረ ሰው ታሪክ ለባለቤትሽ የስፖርት ታሪክ ብቻ አይመስለኝም። በሥራ ቦታው ስሙን ምን ብለው ነው የሚጠሩት?

በነገራችን ላይ ስለ ሆስፒታሉ የነገረሽ እውነት ነው። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ማለቱ ከሆነ፣ ቦታው ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። ጥቁሮች የራሳቸው ሊግ በነበራቸው ዘመን ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባለው ዝነኛ ቡድን ከነጆሽ ጊብሰን ይጫወት የነበረው እዚያ ነው። በ1965 ፈረሰ፤ ሆስፒታሉ በ1975 ተከፈተበት። ዩ ስትሪት ላይ እንጀራ የምንበላባቸው ቤቶች ከዚያ የእግር መንገድ ናቸው። ምጥ ላይ ባትሆኚ ኖሮ ደስ የሚል ወሬ ነበር። ሰዓቱን አልመረጠም እንጂ ያን ቀን የነገረሽ «ልጃችን የተወለደችው እኔ በማውቀው ቦታ ነው» ለማለት ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ጥፋትሽን ላከብደው አይደለም። መጽሐፍ ሰብሳቢ ሁሉ የተቀደሰ ነው ለማለትም አይደለም። እንዲያውም ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ እንደ ድርሳን የተጻፉ ናቸው። ደራሲዎቹ ጀግናው ሕፃን ሳለ የተናገረውን እንደ ሰሙ አድርገው ይጽፋሉ። ዝነኛው ተጫዋች ቤብ ሩዝ በሰባት ዓመቱ አስቸጋሪ ልጅ ተብሎ ባልቲሞር የሚገኝ የወንድ ልጆች ማረሚያ መግባቱን ለስለስ አድርገው ያልፉታል። ባለቤትሽም ይህን ሳያውቅ አይቀርም።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለራስሽ ያዥው። «መርጬ አይደለም፤ የቀረበኝን ነው ያነሣሁት» ብለሻል። አምንሻለሁ። ነገር ግን ደረሰኙን ያገኘሽው ሰኞ ነው፤ ካርቶኖቹን ያወጣሽው ረቡዕ ነው። በመካከል ማክሰኞ አለ። ማክሰኞ ማታ ከባለቤትሽ ጋር እራት ስትበዪ ስለ 85 ዶላሩ ያልጠየቅሽው ለምንድን ነው? የምታውቂው መልስ ካለ፣ ለእሱ የምትነግሪው እውነት እዚያ ውስጥ ነው። «ክፍሉን ላጸዳ ብዬ ነው» ብቻ ብትዪው ግማሹን ነግረሽዋል። «ተናድጄ ነበር፤ ደረሰኙን አይቼዋለሁ» ካልሽው ሙሉውን ነግረሽዋል።

ከደብዳቤሽ ሁሉ የከበደኝ ግን መጽሐፏም ደረሰኙም አይደለም። ሳህኗን እያየች ዝም ያለችው ልጅ ናት። ከቅዳሜ ጀምሮ አባቷ በየማታው ሲፈልግ እየሰማች ነው። አባቷን ስታይ እናቷን የከዳች፣ እናቷን ስታይ አባቷን የከዳች ይመስላታል። የ10 ዓመት ልጅ ይህን ችላ መተኛት የለባትም። ስለዚህ ከማንም በፊት እሷን ነጻ አውጫት። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ዝም በይ ማለቴ ስሕተት ነበር። ዛሬ ማታ ለአባትሽ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም» በያት። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልጋትም። ስትነግሪው አጠገባችሁ እንድትሆን ግን አታድርጊ፤ የአባቷን ፊት መጠበቅ የእሷ ሥራ አይደለም።

ለባለቤትሽ እንዴት ትንገሪው? የሆነ ነገር ላውጋሽ። አባቴ አሮጌ ጋዜጣና መጽሔት የሚያጠራቅም ሰው ነበር። ቤታችን አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ሁለት ክፍል ናት፤ እኛ ሰባት ነን። እናቴ አንድ ቀን ትዕግሥቷ አልቆ ቆራሌው ሲያልፍ ጠራችውና ግማሹን በኪሎ ሸጠችለት። ማታ ቡና ቀድታ ስትሰጠው «ጋዜጦችህን ሸጥኳቸው» አለችው። መግቢያ የለ፣ ሰበብ የለ። አባቴ ሲኒውን አስቀመጠና «በስንት?» አላት። «በሦስት ብር።» «ተበልተሻል» አላትና ተነሥቶ ወጣ። ሁለት ቀን አላናገራትም። በሦስተኛው ቀን የቆርቆሮ ሣጥን ገዝቶ መጣ፤ የቀሩትን መርጦ ከተተና አልጋ ሥር ገፋው። «ከሣጥኑ ውስጥ ያለውን አትንኪብኝ፤ ከሣጥኑ የተረፈውን እንደ ፈለግሽ» አለ። እስኪሞት ድረስ ሁለቱም ውላቸውን አላፈረሱም።

እናቴ ልክ ነበረች አልልም። ያደረገችው አንድ ነገር ግን ትክክል ነበር። እሱ ሳይደርስበት፣ በዚያው ቀን፣ በራሷ አፍ ነገረችው። አንቺ ዘጠኝ ቀን ዘግይተሻል፤ በዚያ ላይ «አላየሁም» ብለሻል። ስለዚህ ያንንም መጨመር አለብሽ። «መጽሐፍህን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ረቡዕ ነው። ስትጠይቀኝ አላየሁም ያልኩህ ፈርቼ ነው፤ ውሸት ነበር።» ይህን ከተናገርሽ በኋላ ዝም በዪ። ዝምታው ሲከብድሽ 85 ዶላሩን አንሥተሽ ልትሟገቺበት ይቃጣሻል። እባክሽ ያን ማታ አታንሺው፤ ሌላ ቀን አለው።

ይቅር ይለኛል ወይ ለሚለው ቃል ልሰጥሽ አልችልም፤ አላውቀውምና። ሁለት ቀን ሊኮራረፍ ይችላል፤ ሁለት ሳምንትም ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ነገር ልብ ብዬአለሁ። «የት አደረግሻት?» አላለሽም፤ «አይተሻታል?» ነው ያለሽ። ከቅዳሜ ጀምሮ ሲፈልግ የኖረው ራሱ ቦታ እንደ ሳታት አድርጎ ነው። አንቺን አልጠረጠረም፤ ወይም ጠርጥሮ እንድትነግሪው እየጠበቀ ነው። ሁለቱም ዛሬ ማታ ከመናገር አያስቀሩሽም።

መደብሩን በተመለከተ ከዚህ በፊት በላክሁልሽ መስመር «ደውዪ» ብዬሻለሁ፤ ካልደወልሽ አሁን ደውዪ። ብዙ የበጎ አድራጎት መደብሮች የተሰጣቸውን ዕቃ መጀመሪያ ከኋላ ክፍል አስገብተው ይለዩታል፤ ሁሉም በማግስቱ መደርደሪያ ላይ አይወጣም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የካርቶኖቹን መልክ ንገሪያቸው። በእርሳስ በውጭ አገር ፊደል የተጻፈባት ስስ የሕፃናት መጽሐፍ እንደሆነች አስረጃቸው። እንዲህ ያለ ምልክት ሠራተኛ አይረሳውም። ስልክሽንም ተዪላቸው። ከነገርሽው በኋላ ደግሞ ሁለታችሁ አብራችሁ ሂዱ። እሱ መደርደሪያውን ከአንቺ በበለጠ ያነብበዋል፤ ምናልባት ስለ እሱ ዓይን የማታውቂውን ነገር ታያለሽ። ብትገኝ ደስ ይለኛል። ባትገኝ ግን በእሷ ቦታ ሌላ ቅጂ መፈለግ አለመፈለጉን ለእሱ ተዪለት። ለሰብሳቢ ፍለጋው ራሱ ከመጽሐፉ እኩል ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ ልመለስ። እዚህ ላይ ጽኚ። እናትሽ ትመጣለች፤ ክፍሉ ይለቀቃል፤ ይህ የሚያከራክር አይደለም። ነገር ግን ስሌት አድርገሽ ታውቂያለሽ? የሕፃናት መጽሐፍ ስስ ነው። አንዱን በአማካይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብንለው 400ው ሲደረደሩ ስምንት ሜትር ይሆናሉ። ዘጠና ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ባለ አምስት ደርብ መደርደሪያ አራት ሜትር ተኩል ይይዛል። ሁለት መደርደሪያ ይበቃል፤ እንዲያውም ትንሽ ይተርፋል። ክፍሉን የሞላው ካርቶኑ፣ በካርቶኑ ዙሪያ ያለው መተላለፊያና «አንድ ቀን አስተካክለዋለሁ» የሚለው ሐሳብ ነው። አባቴ የቆርቆሮ ሣጥን ገዛ፤ የእናንተ ሁለት መደርደሪያ ነው። ውሉም ያው ነው። መደርደሪያው ሲሞላ አዲስ ለማስገባት አንድ ይወጣል፤ የሚያወጣው እሱ ነው፤ አንቺ አትነኪም።

መደርደሪያዎቹን ግን እናትሽ ክፍል አታድርጓቸው። የሜሪላንድ ምድር ቤት ክረምቱ ሲወጣ እንዴት እንደሚረጥብ ታውቂያለሽ። ከቤተ መጻሕፍትና ከሰው ጋራዥ የመጡ መጻሕፍት ሻጋታ ይዘው ይመጣሉ፤ ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ ካርቶን ደግሞ እርጥበት ይመጥጣል። ደረቷን ለሚያማት ሴት ይህ ጥሩ አይደለም። ለመጻሕፍቱም ጥሩ አይደለም፤ ለባለቤትሽ ይህን ብትነግሪው ከአንቺ ይልቅ እሱ ይደነግጣል። የእርጥበት መለኪያ ርካሽ ነው፤ ከ50 በመቶ በታች መሆን አለበት። የሻጋታ ሽታ ያላቸውን ለይቶ አየር ባለበት ደረቅ ቦታ ያቆያቸው፤ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቅላቸው። የተቀደደውን በተራ ፕላስተር አይለጥፈው፤ ጊዜ ሲቆይ ወረቀቱን ያቃጥለዋል።

ታዲያ የት ይቀመጡ? እኔ ሳሎን እላለሁ። ደብዳቤሽ ላይ «ለሰው ስናገረው እንኳ ያሳፍረኛል» ያልሽው ትዝ ይለኛል። እንግዳ ሲመጣ የሚታይ ግድግዳ ላይ ቢደረደሩ ምን ይሰማሻል? ያፍርብኛል ብለሽ የምታስቢው እንግዳ ማን ነው? ፈቃደኛ ካልሆንሽ ኮሪደርም ይሆናል። ባይሆንልሽ አልፈርድብሽም።

85 ዶላሩ ደግሞ ይኸው። ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ቁጣው ሲበርድ፣ «ይህን መጽሐፍ ለምን 85 ዶላር ገዛኸው?» ብለሽ እንደ ጥያቄ ጠይቂው፤ እንደ ክስ አይሁን። መልስ ሊኖረው ይችላል። የድሮ የሕፃናት መጻሕፍት የወረቀት ልባሳቸው ከነበራቸው ዋጋቸው በእጅጉ ይለያል፤ ልጆች ቀድደውት፣ ቤተ መጻሕፍትም ጥለውት ስለሚጠፋ። የቤተ መጻሕፍት ማህተምና የካርድ ኪስ ያለበት ቅጂ ግን፣ የቱንም ያህል ያረጀ ቢሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው ጥቂት ዶላር ነው። ስለዚህ «ለጡረታችን ነው፤ አንድ ቀን ሀብት ይሆናል» ካለሽ በዚያ ላይ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ዋጋ የሚታየው ሻጭ ከጠየቀው ሳይሆን ከተሸጠበት ነው፤ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል። ፊርማ አለበት ብሎ ከገዛም ይጠንቀቅ፤ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ1990ዎቹ የሐሰት የስፖርተኛ ፊርማ የሚያመርቱ ሰዎችን ለመያዝ ሰፊ ዘመቻ ማካሄድ አስፈልጎት ነበር። «ስለ ወደድኩት ነው» ካለሽ ደግሞ ለወር የተወሰነ ገንዘብ ተስማሙ። ለእሱ የተቆረጠውን ያህል ለአንቺም ይቆረጥ፤ በምን እንደምታወጪው አይጠይቅሽ። እስካሁን ለራስሽ ምን ገዝተሻል? ደብዳቤሽ ላይ ለእናትሽ፣ ለልጅሽ፣ ለቤቱ የምታስቢውን አነበብኩ፤ ለአንቺ የሆነ ነገር ግን አላገኘሁም።

ልጅሽ እነዚህ መጻሕፍት የተጻፉላት ዕድሜ ላይ ናት። አስገድዳችሁ አታስነብቧት። ግን ባለቤትሽ መደርደሪያውን ሲሞላ ዝርዝር የምትጽፍለት ሰው ብትፈልጉ፣ ዘጠኝ ቀን ሚስጥር የያዘች ልጅ አባቷ አጠገብ ተቀምጣ ርዕስ ብትጽፍ ደስ የሚላት ይመስለኛል።

በዚህ ሳምንት የሚቀድመው ስልኩ፣ ከዚያ ልጅሽ፣ ከዚያ የዛሬው ማታ ነው። የመደርደሪያው ወሬ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይቆይ። በሩ አጠገብ የቀሩትን ካርቶኖች እስከዚያ አትንኪያቸው።